ምራቅና ምርቃት

ጎንደር፣ አዲስ ዓለም
ጥር 9 ቀን 2009 ዓ.ም.

ነፃ ነን! ኢልሃምዬ፣ ነፃ ነን! እኔም ነፃ፣ ነፊሳም ነፃ! ወረቀቱ ትናንት ደረሰ። ከፖስታ ቤት በባጃጅ ስመለስ አላስችል ብሎኝ ሹፌሩን «ወንድሜ፣ ነፃ ወጣሁ» ስለው፣ «ከእስር ቤት ነው?» አለኝ። «ከእሱ ከባሰው» አልሁት። ሒሳብ አልቀበልሽም ብሎ ሄደ፤ ፈርቶኝ ይሁን ደስ ብሎት እንጃ።

አሁን ሰላምታዬን ልስጥሽ፣ ባለጌ ሆነች እንዳትዪኝ። አሰላሙ ዐለይኩም ወረሕመቱላሂ ወበረካቱህ። እንዴት ከርመሻል እህቴ? ቁስልሽ ደረቀ ወይ? አላህ የተረፈውን ጡትሽን ይጠብቅልሽ፣ ዕድሜሽን ያርዝምልሽ፣ የባዕድ አገር ብርዱን ያቅልልሽ። ኢንተርኔቱ ከተዘጋ ወዲህ እንደ ድሮ ሰው በወረቀት መነጋገራችን ለእኔ ተመችቶኛል፤ እኔ እንደሁ ወሬዬ በስልክ አያልቅ።

ወረቀቱን መጀመሪያ ራሴ አነበብሁት። የአሥራ ሁለተኛ ክፍል እንግሊዝኛዬ ዛገ እንጂ አልሞተም። ነፊሳ ግን አላመነችኝም፤ ኮሌጅ ይዛው ሄዳ መምህሯን አስነበበች። ያው ነው! ምንም አልተገኘም። ያ እናቶቻችንን፣ ሁለቱን እህትማማቾች፣ በአራት ዓመት ውስጥ አከታትሎ የወሰደብን፣ አንቺንም እዚያ ድረስ ተከትሎ ያገኘሽ ክፉ ዘር፣ እኔና ልጄ ዘንድ የለም። «ሐኪሞቹ ከዘር የወረደ ነው ብለውኛልና ተመርመሩ» ብለሽ ብልቃጦቹን የላክሽልን ቀን ሦስት ሌሊት አልተኛሁም ነበር፤ አሁን ልንገርሽ።

እንዴት እንደሞላናቸው ስሚማ፣ ትስቂያለሽ። ያን ቀን እኔና ነፊሳ የረመዳን ቀዷችንን፣ ያመለጠንን ጾም፣ እየከፈልን ነበር። መመሪያው «ከመትፋታችሁ ግማሽ ሰዓት በፊት ምንም አትብሉ፣ አትጠጡ» ይላል። «እኛ ከሌሊት ጀምሮ አልቀመስን፣ ከዚህ የጸዳ አፍ ከየት ሊመጣ!» አልሁ። ለካ የጾመኛ አፍ ኩበት ነው! ምራቁ እስከ መሥመሩ መድረስ አለበት፤ እኛ ብንል ብንል ከብልቃጡ ሥር ጠብ ያለች ነገር ብቻ። ነፊሳ «እማዬ፣ ሎሚ አስቢ» ትለኛለች፤ እኔ ሎሚ ሳስብ ሳቄ ይመጣል።

በዚህ መሃል እማ ሐዲጃ ገቡ። የእናቶቻችን ታናሽ፣ ያቺ አንቺን በጀርባዋ ያዘለችሽ ቀጭን ልጅ፣ ዛሬ ሰባ ስድስት ዓመቷ ነው፤ እኛ ዘንድ ነው ያሉት።

«ምነው እናትና ልጅ እንደ እባብ ትተፋላችሁ?»

«ለምርመራ ነው እማ። ኢልሃም ናት የላከችው። የእናቶቻችን በሽታ በኛም ላይ እንዳለ ከምራቃችን ያያሉ።»

«ታዲያ እንዲያው ባዶውን ልትሰዱት? ያለ ምርቃት?»

ቢስሚላህ ብለው ብልቃጤን ከእጄ ወሰዱት። እትፍ! «ክፉው አይይሽ!» እትፍ! «የእናትሽ እሾህ አይንካሽ!» እትፍ! ለእኔ ሰባት ጊዜ፣ ለነፊሳ ሰባት ጊዜ። የሳቸው አፍ መቼም ምንጭ ነው፤ መሥመሩን አልፎ ሞላ። «ይኸውላችሁ፣ ደረቅ ትውልድ!» ብለው ወጡ። ነፊሳ በሳቅ ፈረሰች። እኔ ክዳኑን ከደንሁ፣ አሸግሁ፣ ላክሁ። ምርቃታቸው ነው የሠራው፤ ማንም ሌላ ቢለኝ አልሰማም።

አንድ ያልጻፍሁልሽ ነገር ነበር። ከግራ ጡቴ ሥር ሽንብራ የምታክል ነገር አግኝቼ ለጥር 15 ሆስፒታል ቀጠሮ ይዤ ነበር፤ ቀጠሮ ለማግኘት እንኳ ሦስት ወር ነው የተጠበቀው። ወረቀቱ ሲመጣ ካርዴን መልሼ «ለሚያስፈልገው ስጡት» ብያቸዋለሁ። ተገላገልሁ!

ነፊሳን የሳንጃው ሰሊጥ ነጋዴ ልጅ ጃቢር ሽማግሌ ልኮባታል። ሸጋ ልጅ ነው። ኮሌጇን ስትጨርስ፣ የመጪው ዓመት ሚያዝያ ላይ እንድራቸዋለን። እስከዚያ ለሙሽራ የሚሆን ነጭ ሻሽ ፈልጊልኝ፤ ለስፌት መኪናዬም ቁጥር አሥራ አራት መርፌ፣ እዚህ ያለው በመጋረጃ ላይ ይሰበርብኛል።

ደስ ያላት እህትሽ
ፈህሚያ


ሜልቦርን
የካቲት 14 ቀን 2009 ዓ.ም.

ለማከብርሽ ለእትዬ ፈህሚያ፣

አሰላሙ ዐለይኩም ወረሕመቱላሂ ወበረካቱህ። አላህ ቤትሽን በሰላም ያቆየው። ለነፊሳ መታጨት እንኳን ደስ አለሽ። እኔ ደኅና ነኝ፣ አልሐምዱሊላህ።

ደብዳቤሽ በሁለተኛው ሳምንት ደረሰኝ። መጀመሪያ ሳነበው ሳቅሁ፤ እማ ሐዲጃ ፊት ለፊቴ የቆሙ መሰለኝ። ሁለተኛ ሳነበው ሳቄ ተቋረጠ።

የዚያኑ ዕለት ደወልሁልሽ። ስልኩን ያነሱት እማ ሐዲጃ ናቸው። «ምርቃቴ ሠራ አይደል ልጄ?» አሉኝ። «ሠራ እማ» ብዬ ዘጋሁት። ከዚያ ወዲያ ለመደወል አቅም አጣሁ። እስኪ ላጣራ፣ ምናልባት እኔ ተሳስቼ ይሆናል እያልሁ ብልቃጦቹን ለገዛሁበት ኩባንያ ጻፍሁ። መልሳቸው ትናንት መጣ።

እትዬ፣ የእነሱ መሣሪያ የሚያነበው በብልቃጡ ላይ የተጻፈውን ስም አይደለም፤ ምራቁን ነው። እንደገና አይተው በሁለቱም ብልቃጥ ውስጥ ጎልቶ የወጣው የአንድ ሰው ምራቅ ነው አሉኝ። የእናትና የልጅ አይደለም። ያው አንድ ሰው ነው። ያ ሰው ነፃ ነው።

ነፃ የወጡት እማ ሐዲጃ ናቸው። ያንቺንና የነፊሳን ገና ማንም አላየውም።

ሁለት አዲስ ብልቃጥ ለመንገደኛ ሰጥቻለሁ። ጾም በሌለበት ቀን፣ ሁለታችሁ ብቻ ሁናችሁ ሙሉት። ለእማ ሐዲጃ ምንም እንዳትነግሪያቸው፤ እኔ በእሳቸው ምርቃት ነው እስካሁን የቆምሁት።

ሽንብራ ያልሽውን ግን ብልቃጡን ሳትጠብቂ፣ ይህን ደብዳቤ እንዳጠፍሽ ሂጂ። ካርድሽን መልሰሽ አውጪ። ለምኛቸው። እባክሽ።

መርፌዎቹ ከብልቃጦቹ ጋር አሉ።

ታናሽሽ ኢልሃም


ጎንደር፣ አዲስ ዓለም
ሚያዝያ 3 ቀን 2009 ዓ.ም.

ለውድ እህቴ ለኢልሃም፣ የአላህ ሰላምና እዝነት ካንቺ ጋር ይሁን፤ እኔም፣ ነፊሳም፣ እማ ሐዲጃም ደኅና ነን።

ይኸው በሥርዓቱ ጀመርሁ፤ የሚያስቸኩል ምሥራች የለኝማ።

መጀመሪያ ተቆጣሁሽ። ምነው በስልክ ብትነግሪኝ? እነዚያን ሁሉ ቀናት ደስ ብሎኝ ስዞር፣ ለሰፈሩ ሁሉ ሳወራ፣ ለክርስቲያኗ ጎረቤታችን ለአልማዝ ሳይቀር፣ አጥር ለአጥር ሁነን «አልማዝ፣ በመርዬምሽ ይሁንብሽ፣ ነፃ ነኝ» ስላት! ከዚያ እኔ ባንቺ ቦታ ብሆን ብዬ አሰብሁ። እማ ሐዲጃ «ሠራ አይደል?» ብለው ቢጠይቁኝ እኔስ ምን ልል ኑሯል? ተውሁት። አልተቀየምሁሽም።

ብልቃጦቹን ሱቄ ውስጥ፣ በሩን ዘግተን፣ ጠግበን ሞላናቸው። ልክ የኔን ልከድን ስል በሩ ተንኳኳ። እማ ሐዲጃ ናቸው፤ ለካ ቤት ያለውን ካርቶን አይተውታል።

«ምነው ተደበቃችሁብኝ? ምራቄ ገማ?»

«አይ እማ፣ የፊተኛው ማለቁ ነው። ተጨማሪ ፈለጉ።»

«እንግዲያስ ክፈቱልኝ።»

«እጃችን ቆሽሿል እማ፣ ከውጭ ሁነው ይመርቁን።»

 ከዚያ በበሩ ስንጥቅ እትፍ፣ እትፍ ሲሉ ሰማሁ። እኔ ምን እንዳደረግሁ ታውቂያለሽ? ብልቃጡን በመዳፌ ከደንሁት። ስንጥቁ እንደ ፀጉር የቀጠነ ነው፣ ጠብታ አያሳልፍም፤ እጄ ግን ሳላዘው ሄደ። ከምርቃት ብልቃጥ ከደንሁ ኢልሃም። አላህ ይቅር ይበለኝ። ነፊሳ አየችኝ።

ሆስፒታል ሄጃለሁ። ቀጠሮዬ ለሌላ ተሰጥቷል፤ ለምኜ፣ አልቅሼ፣ የማውቃትን የጽዳት ሠራተኛ አማላጅ አድርጌ፣ ባለፈው ሳምንት ገባሁ። ሐኪሙ ልጅ ነው፣ ከነፊሳ ብዙ አይበልጥም። ዳሰሰኝ፣ ብብቴንም ዳሰሰ፣ ከዚያ መዝገቤን ገለባብጦ አየው።

«እናቴ፣ ጥር ላይ ቀጠሮ ነበረዎት። ምነው ቀሩ?»

«ወረቀት ነበረኝ» አልሁት።

«የምን ወረቀት?»

«ነፃ ነሽ የሚል።»

«ነፃስ ቢሉ፣ እብጠት ያለው ሰው መታየት ነበረበት እኮ» አለኝ። በቁጣ አይደለም፣ አዝኖ ነው። ቢቆጣኝ ይሻለኝ ነበር። በመርፌ ወስዶ ወደ አዲስ አበባ ልኮልኛል፤ ውጤቱ እስኪመጣ ጠብቂ ተብያለሁ። ሽንብራዋ አሁን ሽንብራ አይደለችም። ይህን ለነፊሳ አልነገርኋትም።

ስለ ራስሽ ግን አንዲት ቃል አልጻፍሽም። «ደኅና ነኝ» ማለት ምን ማለት ነው? እኔ «ደኅና ነኝ» የምለው ሰው ሲሰማኝ ነው። ጻፊልኝ። ሻሹን ተይው፤ ወሬሽን ላኪልኝ።

ፈህሚያ


ሜልቦርን
ሐምሌ 6 ቀን 2009 ዓ.ም.

ለማከብርሽ ለእትዬ ፈህሚያ፣

ሰላምታዬ ከነናፍቆቴ ይድረስሽ። ዒዱን እንዴት አሳለፋችሁ? ጽሑፌ ቢንጋደድ አትዘኚ፤ ጣቶቼ ስለሚደነዝዙ ብዕሩ ያመልጠኛል። መልሴ የዘገየውም በሌላ አይደለም፣ በሱ ነው።

ወረቀትሽ ወጥቷል። ይኸው እዚህ ውስጥ ነው፣ ግን ሳታነቢው እኔ ልንገርሽ። አለብሽ። የኔው ነው፣ የእናቶቻችን፣ በአንድ ፊደል እንኳ የማይለይ። ይህ ማለት ሁሉም የተሸከመው ይታመማል ማለት አይደለም፤ ሐኪሙ የወሰደው ነገር ምን እንደሚል እሱ ይንገርሽ።

የነፊሳን ለራሷ በኮሌጇ አድራሻ ልኬላታለሁ። ዕድሜዋ ደርሷል፣ ወረቀቱ የሷ ነው፤ ለማንም አሳልፌ መስጠት የለብኝም፣ ላንቺም ቢሆን። አትቆጪኝ።

ስለ ራሴ ጠይቀሽኛል። እዚህ ሐኪሞቹ «መድኃኒት ከእንግዲህ እንደ ልብስ በሰው ልክ ነው የሚሰፋው» ይላሉ። የሁሉ ሰው ደም ተነብቦ፣ ለእያንዳንዱ የሱ ብቻ የሆነ ክኒን የሚሰጥበት ቀን ይመጣል ይላሉ። ለእንደኛ ዓይነቱ ዘር አንድ ክኒን ቀድሞ ደርሷል፤ ለእኔ እንዲሞከርልኝ ፈቅደው ሰጥተውኝ ነበር። ሰባት ወር ሠርቶልኝ ነበር። ላንቺ እንዲሰጡልኝ ጠየቅሁ፤ እዚህ ተመዝግቦ ለሚታከም ብቻ ነው አሉኝ። የኔን አካፍዬ ልልክልሽ ስል ደግሞ መስጠቱን አቆሙት።

ያን ቀን ስልኩን ባልዘጋው ኑሮ ስንት ሳምንት ታተርፊ ነበር? ይህን ብቻ ነው የምቆጥረው። ይቅር በይኝ።

ኢልሃም


ጎንደር
መስከረም 24 ቀን 2010 ዓ.ም.

ለእትዬ ኢልሃም፣ አሰላሙ ዐለይኩም። ነፊሳ ነኝ። በመጻፌ እንዳትደነግጪ፣ እማዬ በሕይወት አለች።

የላክሽልኝ ፖስታ የደረሰኝ በክረምቱ ዕረፍት ማብቂያ ነው። እማዬ በየቀኑ እየመጣች የኮሌጁን ዘበኛ «የልጄ ደብዳቤ መጣ?» እያለች ስትጠይቅ ከርማለች። ያን ቀንም በር ላይ ቆማ ጠበቀችኝ። ከታመመች ወዲህ ብዙ መቆም አትችልም፤ አጥሩን ተደግፋ ነበር። ምን ይላል አላለችኝም። ፊቴን ብቻ ታየኛለች።

አለብኝ ይላል። አንቺም አንብበሽው እንደሁ ታውቂያለሽ።

«የለብኝም» አልኋት።

እዚያው መንገድ ላይ እልል አለች። ባጃጆች ቆሙ። የማታውቃቸው ሴቶች ምን እንደሆነ ሳይጠይቁ አብረዋት እልል አሉ። ከዚያ ወዲያ እንዴት ብዬ ልመልሰው? ሐኪሙ እኮ ለእሷ የቀረላት ጥቂት ወራት ነው ብሎኛል።

ለጃቢር ነግሬዋለሁ፤ ሳያውቅ አላገባውም። ሰምቶ ዝም አለ። እስካሁን ዝም እንዳለ ነው። ሠርጉን ግን አልተወም።

ከወረቀቱ ጋር «ጡትሽን በየዓመቱ ታዪበት» ብለሽ የጻፍሽልኝን ማሽን ጠየቅሁ፤ በቅርብ የለም። እሱን በኋላ አስብበታለሁ። አሁን የምለምንሽ አንድ ነገር ነው፤ ለእማዬ ስትጽፊ እንዳትሳሳቺ። እሷን ቃል አያመልጣትም።

ነፊሳ


ጎንደር፣ አዲስ ዓለም
ጥቅምት 12 ቀን 2010 ዓ.ም.

ለኢልሃምዬ፣ ለእህቴ፣ ለናፍቆቴ፣ አሰላሙ ዐለይኩም ወረሕመቱላሂ ወበረካቱህ። ነፊሳ የለባትም! ሰምተሻል? የለባትም! አንቺ ቀድመሽ አንብበሽው ዝም ማለትሽ አይደል፣ ጨካኝ! «ወረቀቱ የሷ ነው» ብለሽ አንጀቴን ስታሳርሪው ከረምሽ። ይሁን፣ አላህ ይስጥሽ፤ ከራሷ አፍ መስማቴ ይጥማል።

በእኔ አልቋል ማለት ነው። እስኪ አስቢው! እናቴን ወሰደ፣ እናትሽን ወሰደ፣ በእኛ ደረሰ፣ ከኛ በታች የለም። ልጄ ስትወልድ ለልጇ አትፈራም። ይህን አግኝቼ ሌላ ምን ልለምን?

የእኔን ሐኪሙ ነግሮኛል፤ አጥንት ገብቷል። ቀን ቀን ስፌት ላይ ስቀመጥ ወገቤ እምቢ ይለኛል እንጂ ምላሴ ደኅና ነው፣ እንደምታዪው። በልክ ስለሚሰፋው መድኃኒት የጻፍሽልኝን ደጋግሜ አነበብሁት፤ ሰፊ አይደለሁ፣ ገባኝ። ልኬንማ ወስደውታል፤ ጨርቁ ነው እኛ ዘንድ ያልደረሰው። ይደርሳል። ለነማን እንደሆነ አላውቅም፣ ግን ይደርሳል።

ደግሞ «ሠርቶልኝ ነበር» ብለሽ ጽፈሻል። ያችን «ነበር» አይቻታለሁ ኢልሃም። ሌላ ነገር አልጠይቅሽም። ስልኩን ዘጋሁት እያልሽ ቀን መቁጠርሽን ግን ተይ። ካርዱን የመለስሁት እኔ ነኝ፣ በገዛ እጄ። እማ ሐዲጃም የምራቃቸውን ነገር አያውቁም፣ አያውቁትም። ማታ ማታ ወገቤን ያሹኛል፤ «ምርቃቴ ለልጅሽ ተረፈ» ይሉኛል። «ተረፈ እማ» እላቸዋለሁ። ዘንድሮ ያልዋሸሁት እሱን ብቻ ነው።

ነፊሳ ቀጥናለች፤ የሙሽራ ነገር ነው ይሉኛል። ጃቢርም ጭምት ሆኗል፤ ሲመጣ አጠገቧ ተቀምጦ እጁን ያያል። እሱም ጥሩ ነው፤ ለፍላፊ አማች ምን ይሠራልኛል፣ ቤቱ በእኔ ሞልቷል።

ሠርጉ ሚያዝያ ነበር አይደል? ሚያዝያ ሩቅ ነው። ሐኪሙም ሩቅ ነው አለኝ። ስለዚህ ወዲህ አመጣነው። እኔ ነገ ቢሆን ደስ ይለኝ ነበር፤ እማ ሐዲጃ «በሂጅራው በሰፈር ወር ሠርግ አይደገስም» ብለው አስቆሙኝ፣ እሱ ይለፍ ብለናል። የነፊሳን ልብስ ራሴ ሰፍቼ ጨርሻለሁ፤ ሻሹም አያስፈልግም፣ ከፒያሳ ሸጋ ነገር አገኘን። የሳንጃዎቹ በሁለት መኪና ይመጣሉ። የትክል ድንጋይ ከተማ ዘመዶቻችን የታረቁም ያልታረቁም ይምጡ ብያለሁ፤ የሚጣላ እደጅ ይጣላ። ለክርስቲያን ጎረቤቶቻችን በሬውን ከእነሱው ወገን ባዬ ያርድላቸዋል፣ ድስቱም ለብቻው ነው፤ ኃላፊዋ አልማዝ ናት፣ ከአሁኑ ታዝዛለች።

አንቺ ደግሞ ልትመጪ ነው። አልችልም እንዳትዪኝ። ሐኪሞችሽን አስፈቅጂ፣ በተሽከርካሪ ወንበርም ቢሆን ይጫኑሽ፤ አዘዞ አውሮፕላን ማረፊያ ድረስ ራሴ እመጣለሁ፣ እኔንም የሚደግፈኝ አላጣም። ሁለታችን ከሙሽራዋ ጀርባ እንቀመጣለን፣ አንድ ትራስ ይበቃናል። አገር ቤት ላለሽ፣ ካርቱም ላለሽ፣ ጂዳ ላለሽ ዘመድ ሁሉ ይህን ቀን ጻፊልኝ፤ ላላወቁትም አስተላልፊልኝ፤ አንድም ሰው እንዳይቀርብኝ።

ኅዳር 17 ቀን 2010 ዓ.ም.፣ እሑድ፣ ከዙሁር ሰላት በፊት፣ አዲስ ዓለም፣ እቤታችን።

ፈህሚያ